ሙቀት የሚጥለው ሰው

አንድ ሰው ነበር። ሥራው ሙቀት መጣል ነበር።

አትሳቁ፣ የምሬን ነው። "ምን ትሠራለህ?" ሲሉት "ሙቀት እጥላለሁ" ብሎ ነበር የሚመልሰው። ጠዋት ቱታውን ለብሶ ይገባል፣ ሙቀት ሲጥል ይውላል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረ።

ቦታው በደቡብ የሚገኝ አንድ የወርቅ ማዕድን ነው። የመብራት መስመር ስላልደረሰለት በስድስት የናፍጣ ጄኔሬተሮች ነበር የሚሠራው። እያንዳንዱ ጄኔሬተር አንድ ክፍል ቤት ያክላል። ድንጋዩ የሚፈጨው፣ ውኃው ከጉድጓድ የሚሳበው፣ የሠራተኛው መኖሪያ የሚበራው በነሱ ነው። ታዲያ ጄኔሬተር ሲሠራ ይግላል። እንዳይነድ ደግሞ በሆዱ ውስጥ ውኃ ያልፍለታል። ውኃው ሙቀቱን ተሸክሞ ይወጣና ከግቢው ጀርባ ወዳለው ማቀዝቀዣ ይሄዳል፤ እዚያ ትልልቅ ማራገቢያዎች ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይበትኑታል። ከዚያ ውኃው ቀዝቅዞ ይመለሳል።

ሰውዬው ያንን ነበር የሚጠብቀው። ቫልቭ ይከፍታል፣ ቫልቭ ይዘጋል፣ ማራገቢያ ግሪስ ይቀባል።

ኤርሳዶ ይባላል። እኔ ያኔ ከማዕድኑ አጠገብ በበቀለችው ትንሽ ከተማ ወንጌላዊ ነበርኩ፣ እሱም የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል ነበር። ዕድሜዬ ሠላሳ አምስት፣ ድምፄ ደግሞ ማይክሮፎን የማያስፈልገው። ስሰብክ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል ይሉኝ ነበር፣ እኔም ይህን እንደ ሙገሳ እወስደው ነበር። ሞኝነት ዕድሜ የለውም መቼም።

ወገኖቼ፣ የእኛን ቤት ቋንቋ ታውቁታላችሁ። እኛ ሰውን የምንለካው በሙቀት ነው። "እገሌ ትኩስ ነው" እንላለን። "እገሊት ቀዝቅዛለች" እንላለን። የቀዘቀዘ ሰው እንኳን ደህና ነው፤ ቤቱ እንሄዳለን፣ እንጾምለታለን፣ ሲመለስ እልል እንላለን። ለብ ያለው ግን? ለብ ያለው ምን ይደረጋል? ራእይ 'ከአፌ ልተፋህ ነው' ይለዋል። ሄደ እንዳትሉት ይመጣል። መጣ እንዳትሉት አለሁ አይልም። በእኛ አፍ "ለብ ያለ" ከሚባል "ሌባ" መባል ሳይሻል አይቀርም።

ወንድም ኤርሳዶ ለብ ያለ ነበር።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሚስቱ ኤርጎጌ በመዘምራኑ የፊት ረድፍ የምትቆም ሴት ነበረች፤ እሱም ከፊት ተቀምጦ እሷን እያየ ይዘምር ነበር። ኤርጎጌ በአጭር ሕመም ሞተች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው የአባላት መቃብር ቀበርናት። ልጅ አልነበራቸውም፣ ዘመዶቹም ሁሉ ሩቅ ሆሳዕና ናቸው። ከቀብሩ በኋላ ኤርሳዶ ከፊት ተነስቶ በሩ አጠገብ ያለችው የመጨረሻ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ዓመት እዚያው ተቀመጠ። አይዘምርም፣ እጅ አያነሳም፣ አሜን አይልም። ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጸልይ እሱ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ይላል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ይሄዳል።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ዶባሞ ነበሩ። እሳቸው ሲጸልዩ መንገድ ላይ ያለ ሰው ይቆማል። አንድ ቀን በስብሰባ ላይ ጉዳዩን አነሱ።

"አንድ ለብ ያለ ሰው ቤቱን ሁሉ ያቀዘቅዛል" አሉ። "ሄደን እንምከረው። ካልተመለሰ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ እንወስን። ከአባልነት መዝገብ ይሰረዝ።"

እጅ አወጣን። እኔም አወጣሁ። ይህን ሸፍኜ ባልፍ ዛሬ እዚህ ቆሜ መናገሬ ውሸት ይሆናል። አወጣሁ፤ ደግሞ ቀድሜ ነው ያወጣሁት።

ምን እንደሚያጣ አላሰብኩም ነበር። በእኛ ደንብ ያቺ መቃብር የአባላት ብቻ ናት። ስሙ ከተሰረዘ ኤርሳዶ ሲሞት ከኤርጎጌ ጎን አይቀበርም። እኛ ኤርጎጌን ስንቀብር ደግሞ "ይህቺ ያንተ ናት" ብለን ከጎኗ አንድ ቦታ ትተንለት ነበር። ድንጋይ አስቀምጠን ምልክት አድርገንበታል። ሰውዬው በዚያች ከተማ የቀረው ነገር ቢኖር ያቺ ቦታ ናት።

ረቡዕ ዕለት ጋሽ ዶባሞና እኔ ወደ ማዕድኑ ሄድን። ጥበቃው ቢጫ ቆብ ሰጠንና አስገባን። ጄኔሬተር ቤቱ አጠገብ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው። ኤርሳዶን ያገኘነው ከዚያ በፊት አይተነው ከማናውቀው አዲስ ማሽን አጠገብ ነው። ቧንቧ በቧንቧ ላይ የተጠማዘዘበት፣ መሐሉ ላይ በርሜል የሚያክል ነገር ያለው ማሽን ነው። አጠገቡ አንዲት ወጣት ሴት ተንበርክካ ብሎን ታጠብቃለች። ኢንጂነር ምንትዋብ ናት፤ ማሽኑን ልትተክል ከመጣች ወር ሆኗታል።

ጋሽ ዶባሞ ሰላምታ አላበዙም። ዓላማቸውን ይዘው ነው የመጡት። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ድምፃቸውን አውጥተው ተናገሩ።

"ኤርሳዶ! ለብ ብለሃል! ለብ ያለ ነገር ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ?"

ኢንጂነሯ ከተንበረከከችበት ቀና አለች።

"አዎ አባቴ!" አለች በደስታ። "መብራት ይወጣዋል!"

ወገኖቼ፣ የጋሽ ዶባሞን ፊት ብታዩት! እሷ ስለ ውኃው የሚጠይቋት ነው የመሰላት። እዚያ ግቢ ሠራተኛው ሁሉ ያንን ከጄኔሬተር የሚወጣ ውኃ "ለብታው" ነው የሚለው። ለእጅ ያቃጥላል፣ ለማሽን ግን ለብ ያለ ነው። ኤርሳዶ አንገቱን ደፍቶ በጨርቅ እጁን መጥረግ ያዘ። እየሳቀ እንደነበር እጠረጥራለሁ።

ልጅቷ ግን አላቆመችም። የሚጠይቃት ሰው ናፍቋት ነው መሰለኝ፣ ራቅ ወዳለ ጥላ ወስዳ አስቀመጠችን።

"ከሚቃጠለው ናፍጣ መብራት የሚሆነው ግማሹን እንኳ አይሞላም" አለች። "የቀረው በጭስ ማውጫና በዚህ ውኃ ይወጣል። ጋሼ ኤርሳዶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወደ ሰማይ ሲበትን የኖረው እሱን ነው።"

"ለምን ይበተናል ታዲያ?" አሉ ጋሽ ዶባሞ፣ ቁጣቸው ገና አልበረደም።

"አያፈላማ! ይሄ ውኃ ሰማንያ አምስት ዲግሪ ነው። በእሱ ሌላ ውኃ ላፍላ ብትሉ ዓመት ብትጠብቁ አይፈላም። ካልፈላ እንፋሎት የለም፣ እንፋሎት ከሌለ የሚዞር ነገር የለም። ስለዚህ ሁሉም 'ለብ ያለ ነው፣ አይረባም' እያለ ጣለው።"

"አሁን እንዴት ረባ?"

"ሙቀቱን አልነካነውም" አለች። "የለወጥነው የሚቀበለውን ነው። በውኃ ፈንታ ሌላ ፈሳሽ አመጣን። ይሄኛው ቶሎ ይፈላል። መዳፍዎ ላይ ጠብ ቢያደርጉት በመዳፍዎ ሙቀት ብቻ ይፈላል። ለብታው በቧንቧው በኩል ሲነካው ይነሳል፣ እንፋሎቱ ተርባይኑን እያዞረ መብራት ያወጣል፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። እንደገና ይነሳል።"

እኔ ጠያቂ ነኝና አላስቻለኝም። "ይሄን ፈሳሽ ለምን እሳቱ ላይ ራሱ አታደርጉትም? የበለጠ አይሠራም?"

"ኧረ በጭራሽ!" አለች። "ይበላሻል። ትልቅ እሳት አይችልም። ለእሱ የሚሆነው ይሄው ለብታ ነው።"

ከዚያ ወደ ኤርሳዶ ዞራ ሳቀች። "ጋሼ ግን መጀመሪያ ሰሞን ሲያስቸግረኝ! ማሽኑን አስነስቼ፣ ሙቀት ጠብቄ፣ ሙቀት የለም። ቀን ሙሉ ብሎን ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። ለካ እሱ እንደለመደው ጠዋት ገብቶ የድሮውን ቫልቭ ይከፍተዋል። ለብታው በጓሮ ወጥቶ ይሄድብኛል።"

"እጄ ለምዶ ነው" አለ ኤርሳዶ። "ሳላስበው ነው የምጥለው።"

ልጅቷ ወደ ብሎኗ ተመለሰች። እኛም የመጣንበትን ተናገርን። ጋሽ ዶባሞ ተናገሩ፣ እኔ ጥቅስ ጨመርኩ። ኤርሳዶ እስከ መጨረሻው አዳመጠን።

"ጸሎት አልተውኩም" አለ። "የተውኩት ጮክ ማለቱን ነው። ከኤርጎጌ በኋላ አፌን ስከፍት የሚመጣው ሌላ ነገር ነው። እሱን ደግሞ በሰው ፊት ማውጣት አልፈልግም። ስለዚህ እቀመጣለሁ። ያለኝ እሱ ነው።"

"መቀመጥ ብቻ ምን ይጠቅማል?" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።

እሱ ጋሽ ዶባሞን አያቸው። "ቦታዋስ? ከጎኗ የተዋችሁልኝ?"

ጋሽ ዶባሞ መሬት መሬት አዩ። "የአባላት ናት" አሉ። "ደንቡን ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ" አለ። ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ማራገቢያዎቹን ሊያይ ሄደ።

በሚቀጥለው ሰኞ የወይዘሮ ጌጤ ባል ሞተ። የማዕድኑ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠበት። ጌጤ የእኛ አባል ናት፣ ሦስት ትንንሽ ልጆች አሏት። ማክሰኞ ቀበርነው፣ ረቡዕ ረፋዱ ላይ ከጋሽ ዶባሞ ጋር መዘምራኑን አስከትዬ ለቅሶ ቤቷ ሄድኩ። ድንኳን ተጥሏል። ዘመርን። እኔ ተነሳሁና ሰበክሁ። ያኔ እንዴት እሰብክ እንደነበር ነግሬያችኋለሁ። ስለ ሰማይ ሰበክሁ፣ ስለ ድል ሰበክሁ። በመጨረሻም ወደ እሷ ዞሬ "እህቴ ጌጤ፣ አታልቅሺ! ተስፋ እንደሌላቸው አትሁኚ! ተነሺና ዘምሪ!" አልኳት።

ተነሳች። አልዘመረችም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳ ፊቴ ቆመች።

"ወንጌላዊ፣ ይብቃህ" አለች። "ባሌ ነው የሞተው። ይብቃችሁ፣ ሂዱልኝ።"

ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። መዘምራኑ ከበሮውን አነሱ፣ ወጣን። በመንገድ ላይ ጋሽ ዶባሞ "ይህቺም ልትቀዘቅዝ ነው" አሉ። እኔም በልቤ ስሟን ከኤርሳዶ ስም አጠገብ አስቀመጥኩት።

በማግስቱም በሩ ዝግ ነበር። ጎረቤቶች ነገሩን፤ አትበላም፣ አታለቅስም፣ ልጆቿንም አታይም፣ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ተቀምጣለች። ሐሙስ አመሻሽ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ብቻዬን ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው ብላችሁ አታክብሩኝ፤ ልገሥጻት ነበር የሄድኩት።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ልገፋው ስል አየሁ።

ኤርሳዶ ከነቱታው ከሥራ መጥቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ። ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ነው። ጌጤ ከፊት ለፊቱ ናት። አይነጋገሩም። ቆሜ ጠበቅሁ። አሁን አንድ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ፣ አሁን ይጸልያል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ለካ ትናንትም ከሥራ መልስ መጥቶ እንዲሁ ተቀምጦ ነበር የሄደው። በኋላ ነው የነገሩኝ።

በመጨረሻ ጌጤ ናት የተናገረችው።

"ኤርጎጌ ስትሞት እንዲህ ነበር?"

"እንዲህ ነበር" አለ።

ይኸው ነው። ስብከቱ ይኸው ነበር፣ ሁለት ቃል። ጌጤ ማልቀስ ጀመረች። እኔ አታልቅሺ ካልኳት ጀምሮ ደርቆ የቆመው እንባ ወረደ። እሱ አላባበላትም፣ አይዞሽ አላላትም፣ ከተቀመጠበትም አልተነሳም። አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ተነሳች። መስኮቱን ከፈተችው። ከዚያ ትንሿን ልጇን በስሟ ጠራቻት። "እራት በልታችኋል?" አለቻት።

እኔ በሩን ሳልነካ ተመለስኩ። በመንገዴ ሁሉ የዚያች ኢንጂነር ቃል ነበር በጆሮዬ የሚመላለሰው። ሙቀቱን አልነካነውም፣ የለወጥነው የሚቀበለውን ነው። ትልቅ እሳት አይችልም፣ ይበላሻል። ያቺን ሴት እሳት ላይ የጣድኳት እኔ ነበርኩ። እሱ ያለውን ለብታ ይዞ መጥቶ ተቀመጠ፣ እሷም ተነሳች። "መቀመጥ ብቻ ምን ይጠቅማል?" ያልኩት ሰው! አፈርኩ ወገኖቼ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰባት ሆነን ተቀመጥን። ኤርሳዶ አልተጠራም። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ያየሁትን ተናገርኩ። አንዳንዱ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። አንዱ ግን "እሱ ጥሩ ጎረቤትነት ነው፤ መንፈሳዊ ትኩሳት ሌላ ነው። ውሳኔያችን ውሳኔ ነው" አለ። ሌሎችም ደገፉት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእኔ ጋር የቆሙት ሁለት ብቻ ነበሩ። አራቱ ሊሰርዙት ነው። ከአራቱ አንዱ ደግሞ ጋሽ ዶባሞ ናቸው፤ ነገሩን ያመጡት እሳቸው ናቸዋ።

"ይሰረዝ የምትሉ እጃችሁን አውጡ" ተባለ። ሦስት እጅ ወጣ። ሁላችንም ወደ ጋሽ ዶባሞ ዞርን።

እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። አላነሱትም።

"ጋሽ ዶባሞ?" አልናቸው።

ድምፃቸው ያ የምናውቀው ድምፅ አልነበረም። ጆሯችንን ሰጥተን ነበር የምንሰማቸው።

"ልጄ ከቤቴ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው" አሉ። "የት እንዳለ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጸልይ ውስጤ ምንም የለም። ባዶ ነኝ። ባዶነቴ እንዳይሰማብኝ ነው የምጮኸው። ኤርሳዶን ያየሁት ቀን ሁሉ ያናድደኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። እሱ ያለችውን ትንሽ ነገር ሳይደብቅ ይዟት ይቀመጣል። እኔ ያቺም የለችኝ። መሰረዝ ያለበት ሰው ካለ ከእኔ ጀምሩ።"

ወጥተው የነበሩት ሦስት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ማንም አውርዱ አላላቸውም። መዝገቡን የዘጋው ሰው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ብቻ ተዘጋ። የኤርሳዶ ስም በቦታው ቀረ፣ ከኤርጎጌ ጎን ያለችውም ቦታ የሱ ሆና ቀረች።

ጋሽ ዶባሞ መዝጊያ ጸሎት ሳያደርጉ ወጡ። ወደ ቤታቸው መስሎኝ ነበር። የኤርሳዶ ቤት ያለበትን መንገድ ይዘው ሲሄዱ አየኋቸው። ምን እንደተነጋገሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዙ የተነጋገሩ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ኤርሳዶ ከፊት ተቀምጦ በታላቅ ድምፅ ዘመረ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እንዲህ ያለ ታሪክ ስንናገር እንዲያ ነው የምንጨርሰው፣ አይደል? አልዘመረም። እስከ ዛሬ ድረስ የመጨረሻዋ አግዳሚ ላይ ነው። ለውጥ አለ ከተባለ በእኛ ላይ ነው። በዚያች ከተማ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላከው ወደ መዘምራኑ አይደለም፣ ወደ ኤርሳዶ ነው። መዘምራኑ የሚሄዱት እሱ "አሁን ኑ" ሲላቸው ነው። አንዳንዴም አይላቸውም።

ማዕድኑም ያው ነው። ስድስቱ ጄኔሬተሮች እንደ ድሮው ይጮኻሉ። አሁን ግን የሠራተኛው መኖሪያና ክሊኒኩ የሚበሩት በለብታው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ወገኖቼ።

በዚህ ሳምንት "ቀዝቅዟል" ያላችሁት ሰው ማን ነው? "እሷ እንኳ ለብ ብላለች፣ ተዋት" ያላችኋት ማን ናት? ስሟን አትንገሩኝ፣ ለራሳችሁ አስታውሱት። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ሙቀት አጥታ ነው? ወይስ እኛ በእሷ ለብታ ውኃ ላፍላ ብለን፣ አልፈላ ሲለን የድሮውን ቫልቭ ከፍተን ነው? ክፋት የለብንም እኮ። እጃችን ለምዶ ነው። ሳናስበው ነው የምንጥለው። የተጣለው ሰው ግን በክፋት ይጣል በልማድ ይጣል ውጭ ነው ያለው።

ባል ሚስቱን አየ፣ እንደ ሙሽርነቷ አትስቅም፤ "ፍቅሯ በርዷል" አለ። እናት ልጇን አየች፣ እንደ ታላቁ አይሮጥም፤ "ይሄ ሰነፍ ነው" አለች። መምህሩ፣ አለቃው፣ ሰባኪው፣ እኛ ሁላችን። አንድ ዓይነት ፈሳሽ ብቻ ነው የያዝነው፣ በመቶ ዲግሪ ብቻ የሚፈላ። ሰማንያ አምስት ይዞ የመጣውን "አልደረስክም" እያልን ስንመልስ ስንት ዓመታችን ነው?

ደግሞ እዚህ መሐል እንደ ጋሽ ዶባሞ የምትጮኹ አላችሁ። አውቃችኋለሁ፤ እኔም ከእናንተ አንዱ ነበርኩ። ቆርቆሮውን የማንቀጠቅጠው ሁልጊዜ ሞልቶ ስለፈሰሰ አልነበረም። ድካሙ ይብቃችሁ። ዝቅ በሉና እውነቱን ለአንድ ሰው ተናገሩ። ጋሽ ዶባሞ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የሚጸልዩት በቀስታ ነው፣ እኛም ከዚያ ወዲህ ነው አብረናቸው መጸለይ የጀመርነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለናንተ ነው የምናገረው፣ ለብ ላላችሁት። ከሐዘን ይሁን ከድካም ይሁን ከምን እንደሆነ ሳታውቁት፣ መጥታችሁ ለተቀመጣችሁት። እንደ ድሮዬ እስክነድ ልጠብቅ ትላላችሁ፣ ከዚያ አገለግላለሁ ትላላችሁ። ማን ጠብቁ አላችሁ? ላትነዱ ትችላላችሁ። ኤርሳዶ አልነደደም። በዚህች ከተማ ግን የእኔን ስብከት የማይችል ሰው አለ። ትልቅ እሳት የማይችል፣ ቀርቦ የሚጮህበት ሰው የሚሰብረው፣ ከእናንተ ለብታ በቀር ሌላ ምንም የማያነሳው ሰው አለ። ቤቱን ታውቁታላችሁ። በሩን ዘግቷል፣ እኔ ባንኳኳ አይከፍትልኝም። እናንተ ሂዱ። ምን እላለሁ አትበሉ። ምንም አትበሉ፣ ተቀመጡ።

ስብከቴ ሲያልቅ እንድትነሱና እንድትዘምሩ ነበር የታሰበው። መዘምራን፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዛሬ አትነሱ። ከበሮውም ይቅር። ማንም እጅ አያንሳ፣ ማንም ወደ ፊት አይውጣ። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ዞራችሁ አትዩት፣ ምን እንደሆነም አትጠይቁት። ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለን አብረነው እንቀመጥ።

እኔም ልቀመጥ።